እትዬ ሙሉ የፈረሙበት ትርጉም

የእትዬ ሙሉን ማረፍ የነገረኝ ደገፋ ነው። ሱሉልታ፣ በምሠራበት የውሃ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ የጠዋቱን ናሙና እየቀዳሁ ነበር። ስልኬ ሲጠራ ስሙን አየሁና በስህተት የደወለ መሰለኝ። "ሰናይት፣ እትዬ ሙሉ አረፉ። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ቡራዩ ነው" አለኝ።  እንዴት ሰማህ ብዬ አልጠየቅኩትም።

መታመማቸውን አውቅ ስለነበር ሞታቸው ዱብ ዕዳ አልሆነብኝም። የገረመኝ የደወለው ደገፋ መሆኑ ነው። እኔ ሰበታን ለቅቄ ስወጣ ሁለቱ ተቀያይመው ነበር። ለምን እንደተቀያየሙ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ነገሩ ሲጀመርም ሲበላሽም አጠገባቸው ነበርኩ።

እትዬ ሙሉን ያወቅኳቸው ሰበታ ውስጥ በነበረ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ነው። እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ጨርቁ ከቀለም ቤት ሲወጣ ቆርጬ አጥባለሁ፣ አሻለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ አያለሁ። እሳቸው ደግሞ ከውጭ ገዢዎች ጋር የምንጻጻፈውን ሁሉ የሚተረጉሙ ነበሩ። ቡራዩ ውስጥ ረጅም ዘመን እንግሊዝኛ ካስተማሩ በኋላ ጡረታ ወጥተው፣ ቤት መዋል አልሆንላቸው ብሎ የመጡ ሴት ናቸው። በየቀኑ ከቡራዩ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና ሰበታ፣ በሦስት ታክሲ ይመጣሉ። ያም ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከሁላችን ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። ረጅምና ቀጭን፣ በቀሚሳቸው ላይ የወንድ ሹራብ የሚደርቡ፣ ከሥሩ ደግሞ የስፖርት ጫማ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ለታክሲ ሰልፍ ከዚህ የተሻለ ጫማ የለም ይላሉ።

ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ተቀምጠው ያነቡታል። ከዚያ ብድግ ይሉና ቆመው እንደገና ያነባሉ። ለምን እንደሚቆሙ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። "ቁጭ ብዬ ሳነብ የማየው ቃሉን ነው። ስቆም ግን የጻፈው ሰውዬ ፊት ለፊቴ ያለ ይመስለኛል" አሉኝ። ትርጉሙን ጽፈው ሲጨርሱ ከግርጌው ስማቸውን አስፍረው ይፈርማሉ። ፈርሙ ያላቸው ሰው አልነበረም። የተረጎመው ሰው ካልታወቀ ስህተት ሲገኝ የሚጠየቅ ይጠፋል ብለው ነው። ሥራ አስኪያጃችን ጌታሁን ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ እሳቸው ግን "እርስዎ" ነበር የሚሉት። ስንስቅባቸው "ለወንበሩ ነው" ይሉናል።

ደገፋ የቀለም ቤቱ ኃላፊ ነበር። የዓለም ገና ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ አሁንም እዚያው ያርሳል። ፋብሪካው ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ገብቶ፣ ቀለሙን በእንፋሎቱ ሽታ እስኪለየው ድረስ ሠርቶ፣ ኃላፊ ሆነ። ጠዋት ጠዋት በእትዬ ሙሉ መስኮት ሲያልፍ በኦሮምኛ "አከም ቡልተን እትዬ" ብሎ እንዴት አደሩ ይላቸዋል። እሳቸው ከመነጽራቸው በላይ አየት አድርገውት "ፈያ፣ ፈያ" ይላሉ። የእሳቸው አነጋገር ቀለም ቤቱን በሙሉ ያስቅ ነበር። ደገፋ ግን አይስቅም። ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

ነገሩ የተነሣው አንድ ጭነት ጨርቅ ቀለሙ ለቅቆ ከውጭ ከተመለሰ በኋላ ነው። ምክንያቱ ምን እንደሆነ በውል አልታወቀም። ጌታሁን ግን መጋዘን ያለውን ጥሩ ቀለም እያወጣ በርካሽ የሚተካ ሌባ አለ ብሎ አመነ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው ደግሞ እሱና ደገፋ ጋ ብቻ ነው። በግልጽ አልተናገረም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲያ ቀለም ቤት ሲገባ ደገፋን ሳይሆን ጣሳዎቹን ነበር የሚያየው። ገዢው ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ዕድል ሰጠን። ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ቀይ ጨርቅ ላኩ፣ ባለሙያ አጥቦ ይፈትነዋል፤ ከለቀቀ ውላችን አበቃ አለ። ውሉ ካበቃ ቀለም ቤቱ ይዘጋል። በውስጡ የሚሠራው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ነው።

ሦስቱን ናሙናዎች ከመላካቸው በፊት ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ አጠብኳቸው። ቀለም አልለቀቁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የማፍርበት ነገር እዚህ ላይ ስላለ ነው።

የፈተናው መልስ በመጣበት ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሌሊቱ ፈረቃ ሊወጣ፣ የጠዋቱ ሊገባ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። ጌታሁን ከቢሮው ደረጃ ላይ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ሌሊት የገዢው ወኪል መልእክት ልኮለታል። አንድ መስመር ነው፤ ዝርዝር ሪፖርት ይከተላል ይላል። ጌታሁን እንግሊዝኛውን ለራሱ አንብቦ፣ ደግሞ ስልኩ ላይ ባለው መተርጎሚያ አስተርጉሞታል። ስልኩ ያወጣለት ትርጉም "ሦስቱም በሚበርሩ ቀለሞች ከእጥበቱ መጡ" የሚል ነበር።

"ቀለሙ በረረ" አለ ጌታሁን ለተሰበሰበው ሰው።  "ሦስቱም። አንድ እንኳ አልተረፈልንም።"

ከዚያ ደገፋን በስሙ ጠራው። የመጋዘኑን ቁልፍ እዚያው ሰው ፊት ተቀበለው። ፖሊስ መጠራቱን ተናገረ። ጥበቃዎቹ የደገፋን ቦርሳ መሬት ላይ ዘረገፉት፤ ምሳ ዕቃውን ከፍተው ሽሮውን በማንኪያ አገላበጡት። ደገፋ አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። ጌታሁን የማቅለሚያው ማሽን እንፋሎት እንዲዘጋ፣ ያለውም ውሃ እንዲደፋ ሲያዝ "ጨርቁ ውስጥ ነው። አሁን ከቆመ ይዥጎረጎራል። እኔን እንደፈለጋችሁ አድርጉ፣ ጨርቁን ግን ጨርሱት" አለ።

እኔ ከሰዉ መሀል ቆሜ ነበር። አጥቤዋለሁ፣ አልለቀቀም ልል ነበር። ብናገር ከሱ ጋር ተመሳጥረሻል እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ዞር ብዬ እትዬ ሙሉን ፈለግኩ፤ አልገቡም። ደወልኩላቸው፤ ታክሲ ውስጥ ስልክ አያነሡም። ጌታሁን ወኪሉን ለመጠየቅ ሞክሮ ነበር። የሰውየው ስልክ ዝግ ነው። በዚያ ላይ ኢንተርኔቱ ጠዋት ጠፍቷል።

እትዬ ሙሉ በባጃጅ መጥተው ግቢው በር ላይ ሲወርዱ ማሽኑን ሊዘጉ ሁለት ሰዎች ወደ ቀለም ቤት እየሄዱ ነበር። አየር ጤና ታክሲ ጠፍቶ ነው የዘገዩት። ሮጬ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን ለኔ ሰጥተው በቀጥታ ወደ ደረጃው ሄዱ።

"የመጣውን ልየው" አሉት ጌታሁንን።

ጌታሁን ስልኩን ዘረጋላቸው። የአማርኛው ነበር።

"ይሄን አይደለም። ሰውየው ራሱ የጻፈውን።"

እሱንም አወጣላቸው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አነበቡት። ከዚያ ተነሡና እንደ ልማዳቸው ቆመው አነበቡት።  ከቀለም ቤት የሚመጣው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ እንግሊዝኛውን ጮክ ብለው አሉት፤ "ኦል ስሪ ኬም ስሩ ዘ ዋሽ ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ።"

"አዎ" አለ ጌታሁን፣ "ፍላይንግ ከለርስ። ከዚህ በላይ ምን ይበል?"

"ሦስቱም የእጥበቱን ፈተና እጅግ በጥሩ ሁኔታ አለፉ ነው የሚለው" አሉ እትዬ ሙሉ።

ሰዉ ተንጫጫ። ጌታሁን ፊቱ ተለዋወጠ። እትዬ ሙሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ሁሉ አስረዱ። ከለር ሲበዛ የባንዲራ ስምም ነው አሉ። በድሮ ጊዜ የጦር መርከብ ከውጊያ ስትመለስ የተሸነፈችው ባንዲራዋን አውርዳ ትገባለች፤ ያሸነፈችው ከነባንዲራዋ፣ እያውለበለበች ትገባለች። ወደብ ላይ የቆመ ሰው መርከቧ ገና ሩቅ ሳለች ባንዲራዋን አይቶ ውጤቱን ያውቃል። ፈረንጆቹ ይህን ይዘው ነው ፈተናን በክብር ላለፈ ሰው ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ አለፈ የሚሉት። "እዚህ ላይ የበረረ ቀለም የለም። ያለው የሚውለበለብ ባንዲራ ነው" አሉ።

"ይሄ ሰውዬ የሚገዛው ጨርቅ ነው፤ መርከብ አይደለም" አለ ጌታሁን። "እኔ ጨርቅ ልኬ ስለ ባንዲራ የሚጽፍልኝ ለምንድን ነው? አጠብነው አለ፣ ቀለሙ በረረ አለ። አለቀ።"

እትዬ ሙሉ መዝገበ ቃላት አስመጡ። ገጹን ገልጠው አሳዩት። አነበበና መጽሐፉ አሮጌ ነው አለ። እሳቸውም ወረቀት ጠየቁ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ በጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ እንግሊዝኛውን ከላይ፣ አማርኛውን ከታች ጻፉ። ስማቸውን ጻፉ። ፈረሙ።

"ማሽኑ ሥራውን ይጨርስ" አሉት ወረቀቱን እየሰጡት። "ሪፖርቱ ሲመጣ ተሳስቼ ከተገኘሁ የስንብት ደብዳቤዬን ራሴ እጽፋለሁ። ለነገሩ የሚጽፍልህ ሌላ ሰው የለህም።"

አንተ ሲሉት ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነው። ጌታሁን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ማሽኑ እንዲቀጥል ፈቀደ። ደገፋ ግን ከጥበቃ ቤቱ አጠገብ እንዲቀመጥ፣ ወዲያው የደረሱት ሁለት ፖሊሶችም ሪፖርቱ እስኪመጣ እንዲጠብቁ አደረገ። ሁለቱ ፖሊሶች ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመው፣ ደገፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሁላችንም መጠበቅ ጀመርን።

እትዬ ሙሉ ወደ ቢሯቸው አልሄዱም። እኔ ጋ ላቦራቶሪ ገብተው በሩን ዘጉት።  ብርጭቆ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ቆዩ እንጂ አልጠጡትም።

"እርግጠኛ ነዎት አይደል?" አልኳቸው።

"ቃሉን እርግጠኛ ነኝ" አሉኝ። "ሰውየውን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።"

ከዚያ የፈሩትን ነገሩኝ። ወኪሉ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው አይደለም። ቃሉን ከሰው ሰምቶ ያለ ቦታው ቢጠቀምበትስ? ደግሞ ሰውየው ሲናደድ የሚቀልድ ሰው ነው። ያኔ ጨርቁን ሲመልስብን ማጠቢያ ማሽኔን ስላስጌጣችሁልኝ አመሰግናለሁ ብሎ ነበር የጻፈው። ዛሬም ባንዲራ የሚለውን ቃል አውቆ በቀለም እያሾፈብን ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ቆመው ሲያነቡ አስበውታል። አስበውትም ፈርመዋል።

"ታዲያ ለምን ፈረሙ?" አልኳቸው።

"ፖሊሱ እየመጣ ነበር" አሉ።

ያን ጊዜ ነው ናሙናዎቹን ማጠቤን የነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ አጥቤያቸው እንዳልለቀቁ፣ ውጤቱም መዝገቤ ላይ እንዳለ፣ ጠዋት ግን ፈርቼ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። 

"ለኔ ነግረሽኛል" አሉኝ። "አሁን ደግሞ ለሱ ንገሪው።"

መዝገቤን ይዤ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። ምን ብዬ እንደጀመርኩ አላስታውስም። መዝገቡን አየ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ጠዋት የት ነበርሽ አለኝ። እዚያው ነበርኩ አልኩት። ስሜን እትዬ ሙሉ ከፈረሙበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈው። አንድ ላይ ከሆናችሁ አንድ ላይ ትጠየቃላችሁ አለኝ።  ደገፋን ቀና ብዬ ማየት የቻልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሪፖርቱ መጣ። ሦስት ገጽ ሠንጠረዥ ነበር፤ የሚተረጎም ቃል ብዙም አልነበረውም። ሦስቱም አልፈዋል። ጌታሁን ብቻውን አነበበውና ፖሊሶቹን አሰናበተ። ለደገፋ በጥበቃ በኩል ወደ ሥራህ ተመለስ የሚል መልእክት ላከበት።

ሁላችንም ነገሩ አበቃ ብለን ተነፈስን። እትዬ ሙሉ ግን ተነሥተው ጌታሁን ቢሮ ሄዱ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ጠዋት የተናገሩት በሁለት ፈረቃ ሰው ፊት ነው አሉት። የሌሊቱ ፈረቃ ሰዎች ቤታቸው ገብተው ደገፋ ሌባ ነው እያሉ ለሚስቶቻቸው አውርተዋል፤ እነሱን ነገ ጠዋት ያገኟቸዋል፤ ለጠዋቱ ፈረቃ ግን ዛሬ አሥር ሰዓት ሲወጣ ይነግሩታል አሉት። አሁን እንደገና እርስዎ ነበር የሚሉት። ጌታሁን ነገሩን ማጋነን ነው አላቸው። እትዬ ሙሉ አልወጡም። እዚያው ቆመው ቆዩ።

አሥር ሰዓት ላይ ጌታሁን ደረጃው ላይ ወጥቶ መሳሳቱን ተናገረ። አጭር ነበር፤ ቢሆንም ስህተቱ የኔ ነው የሚለውን ቃል ሳይውጥ ተናግሯል። በማግስቱ ጠዋትም ደገመው። ቁልፉን ለደገፋ የሰጡት ግን እትዬ ሙሉ ናቸው። እስከዚያ ቀን ደገፋ እያሉ ነበር የሚጠሩት። ያን ቀን ሰዉ ሁሉ እየሰማ "ኦቦ ደገፋ፣ ቁልፍዎን ይውሰዱ" አሉት። ደገፋ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ከዚያ በኋላ ያቺ አባባል የፋብሪካው መነጋገሪያ ሆነች። ባጃጅ ቶሎ ያገኘው ሁሉ ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ መጣሁ ይላል። እትዬ ሙሉ ምሳ ሰዓት ላይ ያርሙን ነበር። ፈተና መኖር አለበት ይሉናል፤ የሚያስፈራ፣ ልትወድቅበት የምትችለው ነገር መኖር አለበት። ደግሞ ለጥቂት ላለፈ ሰው አይባልም። አንዲት የስፌት ክፍል ሠራተኛ ልጇ የመጨረሻዋን የማለፊያ ነጥብ አምጥቶ ዊዝ ፍላይንግ ከለርስ አለፈ ስትላቸው እጇን ይዘው እንኳን ደስ አለሽ አሏት፤ ቀጥለው ግን ለሱ አለፈ ማለት ይበቃል፣ ያም ትልቅ ነገር ነው አሏት። ሴትዮዋ አልተቀየመችም። እሳቸው ሲያርሙ ሰው የሚያንሱ አይመስሉም ነበር።

ጌታሁን ከዚያ ቀን ወዲህ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ራሱ አንብቦ አያውቅም። የመጣውን ሁሉ ሳያይ ለእትዬ ሙሉ ይሰጣል፤ እሳቸው የጻፉትን ይወስዳል። ሁለተኛው ነገር የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ሙሉ ጭነት ቀለሙ ለቅቆ ተመለሰ። ይህኛው ጥፋት የደገፋ ነበር። አጎቱ ሞተውበት ለቀብር ሲቸኩል የመጨረሻውን እጥበት ሳያሳጥብ ጨርቁን አስወጥቶታል። የኔም ክፍል ቆርጦ ሳያይ ነው ያሳለፈው፤ እኔ ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበርኩ። ደብዳቤው ሲመጣ ደገፋ ከጌታሁን በፊት ሰማ። እትዬ ሙሉ ቢሮ ገባ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ውጪ አላሉኝም።

ደብዳቤው ጨርቁ በደንብ ሳይታጠብ መውጣቱን በግልጽ ይናገራል። ደገፋ የለመናቸው በመርከብ ላይ ውሃ ገብቶበት ነው ብለው እንዲተረጉሙት ነው። ማንም አያውቅም አላቸው። ጌታሁን አያነበውም። አንድ ቃል ብቻ ነው፣ የልጆቼን ነገር ያስቡ አላቸው። ቆሞ ነበር የሚናገረው።

እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን አወለቁ። "አልችልም፣ ደገፋ" አሉት። ደብዳቤው የማንንም ስም አይጠራም፤ እኔም አልጨምርበትም፤ የሚለውን ግን እጽፋለሁ አሉት። እሱ እያየ ጻፉት። እሱ እያየ ፈረሙ።

ደገፋ ከኃላፊነቱ ወርዶ ከማሽን ሠራተኞቹ እንደ አንዱ ሆነ። ከሥራ አልተባረረም። ላለመባረሩ እትዬ ሙሉ ጌታሁን ቢሮ ብዙ ተመላልሰዋል፤ ይህን ለደገፋ እንዳልነግር አስምለውኛል። በመጀመሪያው እሑድ ዓለም ገና ቤቱ ድረስ ሄድን። ሚስቱ በደንብ ተቀበለችን። እሱ ከጓሮ እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን።

እትዬ ሙሉ ይቅርታ አልጠየቁትም። "ያን ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ስናገር ሰው ያመነኝ ለማንም ብዬ ስለማልዋሽ ነው" አሉት። "ዛሬ ላንተ ብዬ ብዋሽና አንድ ቀን ቢታወቅ፣ ያን ቀንም ላንተ ብላ ነው የዋሸችው ይባላል። ሌባ አለመሆንህ እንደገና አጠራጣሪ ይሆናል። ሥራህን ታገኘዋለህ፤ ያን ግን ብታጣው ማን ይመልስልሃል?"

ደገፋ መሬት መሬት እያየ ሰማቸው።  እስከ አስፋልቱ ሸኘን፤ ታክሲ አስቆመልን። ደህና ሁኑ ግን አላለም። በማግስቱ በመስኮታቸው ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየም። በዚያው ቀረ። እትዬ ሙሉ ግን በየቀኑ ጠዋት በዚያች ሰዓት ሥራቸውን አቁመው ወደ መስኮቱ ያዩ ነበር።

እኔ ሱሉልታ ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። እሳቸውም ጉልበታቸው ታክሲ መሳፈር ሲያቅተው ሥራውን ተዉት፤ ቀጥሎ ሕመሙ መጣ። ደገፋ ወደ ኃላፊነቱ መመለሱን የሰማሁት ከሰው ነው። ታመው ልጠይቃቸው ስሄድ ለእትዬ ሙሉ ነገርኳቸው፤ "ጎሽ" ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ።

የቀብሩ ዕለት ከሱሉልታ ስደርስ ደገፋ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ከቀብር መልስ አብረን ገብተን ተቀመጥን። እንዴት ቀድሞ እንደሰማ ያኔ ነገረኝ። ማንም አልነገረውም። በደወለልኝ ዕለት ጠዋት ሊጠይቃቸው መጥቶ ድንኳን ሲተከል ደረሰ። ከዚያ በፊትም ሦስት ጊዜ መጥቶ ነበር። አጥሩ ጋ እየደረሰ፣ ምን ብዬ እገባለሁ እያለ፣ ተመልሷል።

የእትዬ ሙሉ ታናሽ እህት በሕመማቸው ጊዜ ከደብረ ብርሃን መጥተው ሲያስታምሟቸው የቆዩ ሴት ናቸው። ሐዘንተኛውን እየዞሩ ሲያመሰግኑ እኛ ጋ ደረሱ። ደገፋን ትክ ብለው አዩት።

"እርስዎ አጥሩ ጋ መጥተው የሚመለሱት ሰውዬ አይደሉም?" አሉት።

ደገፋ ተነሥቶ ቆመ። ነኝ ለማለት አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

"ከአልጋዋ ሆና በመስኮት ታይዎት ነበር" አሉ እህትየው። "ወጥቼ ልጥራቸው ብላት እንቢ አለችኝ። 'ተይው፣ እንዳታሳፍሪው። ሲችል ራሱ ይገባል' አለች። ከዚያ ወዲያ መጋረጃው እንዲዘጋ አልፈቀደችም።"